የ«ከሆነ» ልምምድ
(ከቡሬና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ለአዲስ ገቢ ጓደኞቻችን ያሰማነው ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም»፣ «ከሆነ» ስለሚባሉት አራት ቃላት ነው። ሕፃን ልጅ ሳይቀር በየቀኑ ይናገራቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ቃላት በሒሳብ ወረቀት ላይ ሲመጡ ብዙዎቻችን እንደናገጣለን። በአንደኛ ዓመት የሒሳብ ትምህርት የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ አባባሎች ሎጂክ የሚናገረው ነው፤ የኮምፒዩተር ተማሪዎችም ዲስክሪት ማቴማቲክስ በሚባለው ትምህርት መግቢያ ላይ እንደ ገና ያገኙታል። ብዙ ተማሪ ግን ምዕራፉን «ይህማ ቀላል ነው» ብሎ ይዘለውና ኋላ ማስረጃ አቅርብ ሲባል መሠረቱ ይጎድለዋል።

ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከጅጋ፣ ከደምበጫ፣ ከሽንዲና ከቁጭ ለመጣን ተማሪዎች ጉዳዩ ሌላም ክብደት አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የኢንተርኔት መስመርም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ከእኛ መካከል ትምህርቱ የተቆራረጠበት ብዙ ነው። ቤተ ሙከራ የሚጠይቀውን ትምህርት ያለ ቤተ ሙከራ ማካካስ ያስቸግራል። ይህ ትምህርት ግን የሚፈልገው አንድ እርሳስ፣ አንድ ወረቀትና የሰው ትዕግሥት ብቻ ነው። እንግዲህ የጎደለንን ለመሙላት ከዚህ ብንጀምር ይጠቅመናል የሚል አሳብ አለን።

በመጀመሪያ አባባል ስንል ምን ማለታችን ነው? እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ንግግር ማለታችን ነው። «ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት» ቢባል አባባል ነው፤ እውነትም ነው። «ቡሬ ከጣና ዳር ናት» ቢባልም አባባል ነው፤ ግን ሐሰት ነው። «ወደ ነቀምት የሚሄደው መኪና መጣን?» ጥያቄ ነው፤ «ተሳፈር!» ትእዛዝ ነው። እነዚህ ሁለቱ እውነት ወይም ሐሰት ስለማይባሉ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም። አባባሎቹን ለማሳጠር ሀ እና ለ ብለን በፊደል እንጠራቸዋለን። ከዚያ በኋላ የምንመረምረው የአያያዛቸውን ሥርዓት ነው።

ከ«እና» እንጀምር። «ሀ እና ለ» እውነት የሚሆነው ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህ ግልጽ ነው። ሆኖም አማርኛችን በ«ና» ውስጥ ጊዜንም ይጨምርበታል። «በልቶ ተኛና ታመመ» ስንል ቅደም ተከተሉን፣ አንዳንዴም ምክንያቱን መናገራችን ነው። በሎጂክ ግን «ሀ እና ለ» ከ«ለ እና ሀ» ጋር አንድ ነው፤ የቱ እንደ ቀደመ አይነግረንም። «ግን» የሚለውም ቃል በሎጂክ ዓይን «እና» ነው። «ማዳበሪያ ተገኘ፤ ግን ዝናቡ ዘገየ» የሚል ገበሬ ሁለት ነገር በአንድነት እውነት ነው ማለቱ ነው። ቅሬታው ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀራል።

ቀጥሎ «ወይም» ነው። ቋንቋችን እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ «ወይም»ንና «ወይስ»ን ይለያልና። «ቡና ትጠጣለህ ወይስ ሻይ?» ያለ አስተናጋጅ አንዱን ምረጥ ማለቱ ነው። «መታወቂያ ወይም የመግቢያ ወረቀት የያዘ ይገባል» የሚል ማስታወቂያ ግን ሁለቱንም የያዘውን ሰው ከበር አይመልስም። የሒሳብ «ወይም» ይኸኛው ነው። ሐሰት የሚሆነው ሁለቱም ሐሰት ሲሆኑ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለማለት ከፈለግን «ግን ሁለቱንም አይደለም» ብለን መጨመር አለብን።

«አይደለም» የሚለውን ቃል ማንም የሚያውቀው ይመስላል፤ ዳሩ ግን ወጥመድ አለበት። አንድ ነጋዴ «ጤፉንም በቆሎውንም ሸጥሁ» ቢልና እኛ «ሐሰት ነው» ብንል ምን ማለታችን ነው? «ሁለቱንም አልሸጥህም» ማለታችን ነው የሚል መልስ ይመጣል። ነገር ግን ይህ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሁለት ፍች አለው፤ አንድም «አንዱንም አልሸጥህም»፣ አንድም «ምናልባት አንዱን ሸጠህ ይሆናል እንጂ ሁለቱን በአንድነት አልሸጥህም» ማለት ነው። ትክክለኛው አሉታ ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም «ጤፉን አልሸጥህም፣ ወይም በቆሎውን አልሸጥህም» ማለት ነው። እንዲሁም የ«ሀ ወይም ለ» አሉታ «ሀ አይደለም፣ እና ለ አይደለም» ነው። «አይደለም» ወደ ውስጥ ሲገባ «እና»ን ወደ «ወይም»፣ «ወይም»ን ወደ «እና» ይለውጣል። ይህ ሕግ በ19ኛው መቶ ዓመት በነበረው በእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ በደ ሞርጋን ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ቃል፣ ወደ «ከሆነ» ደረስን። ተማሪውን ሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው። መጽሐፉ «ሀ ከሆነ ለ ነው» የሚለው ሐሰት የሚሆነው ሀ እውነት ሆኖ ለ ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው ይለናል። ሀ ሐሰት ሲሆንስ? ለ ምንም ይሁን ምን ጠቅላላው አባባል እውነት ነው ይላል። በዚህን ጊዜ ተማሪው «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ይነሣል።

ለዚህ መልሱን ሩቅ አገር ሄደን መፈለግ የለብንም። በአባቶቻችን የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲከራከሩ ውርርድ የሚባል ነገር ነበር። ከሳሹ ቆሞ «ይህን ነገር ካላስረዳሁ በቅሎ እሰጣለሁ» ይላል እንበል። ይህ ሰው ቃሉን የሚያጥፈው መቼ ነው? አራት ዓይነት ሁኔታ ብቻ አለ። አንደኛ፣ ሳያስረዳ ቀረ፤ በቅሎውንም ሰጠ፤ ቃሉን ጠበቀ። ሁለተኛ፣ ሳያስረዳ ቀረ፤ በቅሎውንም ከለከለ፤ ቃሉን አጠፈ። ሦስተኛ፣ አስረዳ፤ በቅሎም አልሰጠም፤ ማንም አይወቅሰውም። አራተኛ፣ አስረዳ፤ ከደስታው ብዛት በቅሎውን ሰጠ፤ ይህንንም ቃል አፍራሽ የሚለው ዳኛ የለም። እንግዲህ ከአራቱ መንገዶች ቃል የፈረሰበት አንዱ ብቻ ነው። የ«ከሆነ» የእውነት ሠንጠረዥም ይኸው ነው፤ ሦስት እውነት፣ አንድ ሐሰት። ሠንጠረዡን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ውርርዱን ማሰብ ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ «ከሆነ»ን መገልበጥ የሚባል ስሕተት አለ። ከቡሬ አጠገብ ያለውን የፈጣምን ወንዝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «እዚህ ብዙ ከዘነበ ወንዙ ይሞላል» እንበል፤ እውነት ነው ብለንም እንቀበል። አሁን ወንዙ ሞላ። ስለዚህ እዚህ ዘንቧል ማለት እንችላለን? አንችልም። ዝናቡ ከላይ፣ ከደጋው ዘንቦ ወንዙ ወደ እኛ ደርሶ ይሆናል። ነገር ግን «ወንዙ አልሞላም፤ ስለዚህ እዚህ ብዙ አልዘነበም» ብንል አካሄዱ የቀና ነው። ይህን በልባችን እንያዝ፤ «ሀ ከሆነ ለ ነው» ካልን በኋላ ሀ መሆኑን ካወቅን ለ ይከተላል፤ ለ አለመሆኑን ካወቅን ሀ አለመሆኑ ይከተላል። ከለ ወደ ሀ መመለስና ሀን ክዶ ለን መካድ ግን ሁለቱም የተሰበረ ድልድይ ናቸው።

በአማርኛ ይህን አቅጣጫ የሚያዞሩ ሁለት ትንንሽ ቃላት አሉ፤ «ሁሉ» እና «ብቻ» ናቸው። «የተመዘገበ ሁሉ ይፈተናል» ማለት «ከተመዘገበ ይፈተናል» ማለት ነው። «የተመዘገበ ብቻ ይፈተናል» ማለት ግን «ከተፈተነ ተመዝግቧል» ማለት ነው፤ መስመሩ ተገለበጠ። በፊተኛው መመዝገብ ይበቃል፤ በኋለኛው መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይበቃል ግን አልተባለም፤ ክፍያ የቀረበት ተመዝግቦም ሊመለስ ይችላል። የሚበቃና የሚያስፈልግ የተለያዩ መሆናቸውን ያልለየ ተማሪ ደንብም ሆነ ቲዎሪ ሲያነብ ይሳሳታል። እንዲሁም «ቢዘንብም ባይዘንብም ይመጣል» የሚለውን በሠንጠረዥ ብትሠሩት የሚቀረው «ይመጣል» የሚለው ብቻ ነው። «ቢመጣ ኖሮ እንገናኝ ነበር» የሚለው ግን ከዚህ ሠንጠረዥ ውጭ ነው፤ ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ የሚናገር ስለ ሆነ የእውነቱ ልክ በሁለቱ አባባሎች እውነትና ሐሰት ብቻ አይለካም።

ሌላው መለየት የሚገባን ነገር የአካሄድ መቅናትና የመነሻ እውነት ነው። ለዚህ ቡሬ ራሷ ታሪክ አላት። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ናታሌ የሚባለው የኢጣሊያ አዛዥ በቡሬ ምሽግ ነበረ። የመጣበት የዊንጌት ጦር፣ ጌዲዮን የተባለው ኃይል፣ በቁጥር ከእርሱ ጦር እጅግ ያነሰ ነበር። አዛዡ ግን የመጣበትን ኃይልና በዙሪያው ያሉትን አርበኞች ከልክ በላይ አብዝቶ ገምቶ ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደምበጫ እንዳፈገፈገ የጦርነቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። አሳቡን በሎጂክ እንዘርዝረው። «ጠላት በቁጥር በብዙ የሚበልጠን ከሆነ ምሽጉን መልቀቅ ይገባናል። ጠላት በቁጥር በብዙ ይበልጠናል። ስለዚህ ምሽጉን መልቀቅ ይገባናል።» አካሄዱን ብትመረምሩት እንከን የለበትም። የተበላሸው ሁለተኛው መነሻ ነው። ሎጂክ መነሻህ እውነት ከሆነ መደምደሚያህ እውነት ነው ይላል እንጂ መነሻህን ራሱ መርምሮ አያረጋግጥልህም። እርሱን መመርመር የዓይን፣ የጆሮና የምስክር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ልምምድ እንለፍ። እዚህ ላይ የአገራችን የቅኔ ቤት ትልቅ አስተማሪ ነው። ጎጃም በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማና በደብረ ኤልያስ የታወቀ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ መወድስ በመቀኘት አይጀምርም፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። ሎጂክም እንደዚሁ ነው። የሁለት አባባል ሠንጠረዥ አራት ረድፍ አለው፤ የሦስት ስምንት፤ የአራት ዐሥራ ስድስት፤ የዐሥር 1,024። አባባል በተጨመረ ቁጥር ረድፉ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ከሁለቱ እንጀምር፤ ሦስቱን እንልመድ፤ ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡን ትተን በሕጉ መሄድ እንችላለን።

ለምሳሌ የሚከተለውን እንሥራ። ከቡሬ ገበያ አንድ የጭነት መኪና ተነሣ። ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ ከተባሉት የትኛውን እንደ ጫነ አላየንም። ስለ ጭነቱ የተነገረን ሁሉ እውነት ነው ብለን እንቀበል። አንደኛ፣ ጤፍ ከተጫነ በቆሎም ተጭኗል። ሁለተኛ፣ በቆሎና በርበሬ በአንድነት አልተጫኑም። ሦስተኛ፣ ጤፍ ወይም በርበሬ ተጭኗል። አራተኛ፣ በርበሬ ከተጫነ ጤፍም ተጭኗል። የተጫነው ምንድን ነው?

ስምንት ረድፍ እንጻፍ። የመጀመሪያው ቃል ጤፍ ኖሮ በቆሎ የሌለባቸውን ሁለት ረድፎች ይሰርዛል፤ ስድስት ቀሩ። ሁለተኛው በቆሎና በርበሬ በአንድነት ያሉባቸውን ሁለት ይሰርዛል፤ አራት ቀሩ። ሦስተኛው ጤፍም በርበሬም የሌሉባቸውን ሁለት ይሰርዛል፤ ሁለት ቀሩ፤ አንዱ ጤፍና በቆሎ፣ ሌላው በርበሬ ብቻ ናቸው። አራተኛው በርበሬ ብቻ የተጫነበትን ይሰርዛል። መልሱ ጤፍና በቆሎ ተጭኗል፤ በርበሬ አልተጫነም።

ያለ ሠንጠረዥም ይሄዳል። በርበሬ ተጭኗል ብለን እናስብ። በአራተኛው ቃል ጤፍ ተጭኗል፤ በአንደኛው ደግሞ በቆሎ ተጭኗል፤ ይህ ግን ከሁለተኛው ጋር ይጣላል። እንግዲህ በርበሬ አልተጫነም። በሦስተኛው ጤፍ ተጭኗል፤ በአንደኛው በቆሎም ተጭኗል። ይህ ሁለተኛው መንገድ በተቃርኖ ማስረዳት ይባላል፤ በኋላ በሒሳብ ትምህርታችሁ ሁሉ የምታገኙት መሣሪያ ነው። ሁለቱንም መንገድ መሥራት ይገባል፤ አንዱ ሌላውን ይመሰክርለታልና።

ቤታችሁ ስትገቡ የምትሠሩት ሦስት ጥያቄ እንሰጣለን። አንደኛ፣ «ሀ ከሆነ ለ ነው» ከሚለው ጋር «ሀ አይደለም፣ ወይም ለ ነው» የሚለው አንድ መሆኑን በአራት ረድፍ አሳዩ። ሁለተኛ፣ «ካልተመዘገበ አይፈተንም» ከሚለው «ከተመዘገበ ይፈተናል» የሚለው የማይከተል መሆኑን አንድ ረድፍ ጠቅሳችሁ አስረዱ። ሦስተኛ፣ «ዘግይቶ የመጣና መታወቂያ የሌለው አይገባም» የሚለውን ማስታወቂያ ሁለት ፍች አውጡለትና ማን በየትኛው እንደሚገባ፣ ማን እንደማይገባ ለዩ። ስትሠሩ ሁለት ሁለት ሁናችሁ ሥሩ፤ አንዱ ይናገር፣ ሌላው ይሟገተው። «ግልጽ ነው» ብሎ ማለፍ የተከለከለ ይሁን።

ይህ ሁሉ ለፈተና ብቻ ነውን? አይደለም። ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 ስለ አሳብ ሕጎች በጻፈው መጽሐፍ አሳብን እንደ አልጀብራ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ክሎድ ሻነን የተባለ የአሜሪካ ወጣት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ገና ተማሪ ሳለ በጻፈው የማስተርስ ጽሑፍ ይህንኑ አልጀብራ ለኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ አዋለው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ በውስጡ የሚሠራው በ«እና»፣ በ«ወይም» እና በ«አይደለም» ነው። ኮምፒዩተር እናጠናለን የምንል ሁሉ ፊደላችን ይህ ነው።

ነገር ግን ከስልኩም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የምንኖረው ወሬ ከሰው ቀድሞ በሚሮጥበት ጊዜ ነው። በገበያም፣ በመኪና ተራም፣ በስልክም እንዲህ የሚል ነገር እንሰማለን። «ሰውየው የእነዚያ ወገን ከሆነ በዚያ መንገድ ይሄዳል። በዚያ መንገድ ሲሄድ ታይቷል። ስለዚህ የእነዚያ ወገን ነው።» ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህ የወንዙ ስሕተት ነው! ወንዙ ስለ ሞላ እዚህ ዘንቧል እንደ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ታማሚ ሊጠይቅ የሚሄድ አለ፤ ከብት ሊገዛ የሚሄድ አለ፤ ሌላ መንገድ አጥቶ የሚሄድም አለ። በፈተና ወረቀት ላይ ይህን ስሕተት የሠራ ሰው ሁለት ነጥብ ያጣል። በጦርነት አገር ግን አንድ የተገለበጠ «ከሆነ» ሰው ያስገድላል፤ ቤት ያስቃጥላል፤ ወዳጅን ከወዳጅ ይለያል። የማንም ደጋፊ ይሁን የማንም ተቃዋሚ፣ ተማሪ ነኝ የሚል ሰው ቢያንስ ይህን ቆም ብሎ «ይህ አይከተልም» ማለት ይገባዋል።

እርግጥ ነው፣ ሠንጠረዥ መሥራት ብቻውን ደግ ሰው አያደርግም፤ የቡሬው ምሳሌ እንዳሳየን የቀና አካሄድ ይዞ በሐሰት መነሻ የሚሄድም አለ። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ሁልጊዜ አብረውን ይኑሩ። መነሻው እውነት ነውን? መደምደሚያውስ ከመነሻው ይከተላልን? የመጀመሪያውን ለመመለስ መጠየቅና ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን እርሳስና ወረቀት ይበቃል፤ እርሱም በእጃችን ነው።

እንግዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ምዕራፍ አትዝለሉት። መምህራኖቻችንም ምሳሌውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጣምረው ቢሰጡን፣ «ኢፍ» የሚለውን ቃል ከሸመደድን በኋላ «ከሆነ»ን እንድንረዳ ያግዙናል ብለን እንለምናለን። እኛም በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በንባብ ክፍሉ ተገናኝተን ከማናቸውም ተማሪ ጋር ለመሥራት ዝግጁ ነን። የሚመጣ ሰው የሠራውን ይዞ ይምጣ፤ ያልሠራም ቢሆን ይምጣ። ይህን ስንል «ቢሠራም ባይሠራም ይምጣ» ማለታችን ስለ ሆነ፣ በሠንጠረዡ መሠረት የሚቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይምጣ።